ትንሿ ጀልባ ትልቁን መርከብ እንዴት ትጎትታለች?

ለዛሬው የሳይንስ ዓምድ ይዤላችሁ የመጣሁት ስለ ጎታች ጀልባ ነው። «ዋሂል ውስጥ ባህር የት አለና?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን በድሬዳዋ የሚያልፈው ባቡር መጨረሻው ጅቡቲ ነው፤ የአገራችን ዕቃም ብዙው የሚመጣው በዚያ ወደብ ነው።

የመርከብ መሪ የሚሠራው ውሃ በኃይል ሲያልፍበት ነው። መርከቡ ወደብ ሲደርስ ቀስ ስለሚል መሪው አይታዘዝም። ያኔ ጎታች ጀልባዎች በገመድ ይጎትቱታል፣ ወይም በአፍንጫቸው ይገፉታል። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. 400 ሜትር የሚረዝመው ኤቨር ጊቭን የስዊዝ ቦይን ዘግቶ ሲቆም፣ ከአሸዋ ቆፋሪዎች ጋር ሆነው ለቀናት ታግለው ያላቀቁት እነሱ ናቸው።

የድሮዎቹ ጎታች ጀልባዎች ፕሮፔለራቸው ከኋላ ነው፤ እሱ ራሱ ወደ ጎን አይዞርም፣ ከበስተኋላው ያለው መሪ ነው የሚያዞራቸው። ወደፊት ጎበዝ ናቸው፤ ወደኋላ ሲሄዱ ግን ያስቸግራሉ። በአዲሶቹ ፕሮፔለሩ ራሱ ከጀልባው ሥር 360 ዲግሪ ይዞራል፤ መሪ አያስፈልግም። የባጃጅ የፊት ጎማ ዙሪያውን ሲዞር፣ ሞተሩም እሱው ላይ ሲሆን አስቡት! ኦስትሪያዊው ኧርንስት ሽናይደር የፈጠረው ደግሞ ይለያል። ከሚሽከረከር ክብ ሰሌዳ ሥር እንደ ቢላዋ ቁልቁል የተንጠለጠሉ ምላጮች አሉት፤ የምላጮቹ አቅጣጫ ሲቀየር ጀልባዋ ወደፈለገችበት፣ ወደ ጎንም ጭምር ትሄዳለች።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን የገመዱ ነገር ነው። በድሮዎቹ ገመዱ የሚታሰረው ወደ ጀልባዋ መሃል ነው። መርከቡ ድንገት ቀድሞ ገመዱ ወደ ጎን ከተወጠረ ጀልባዋን ይገለብጣታል፤ ሰውም ይሞታል። በወገባችሁ ገመድ አስራችሁ በሬ ስትጎትቱ በሬው ወደ ጎን ቢሮጥስ? እንደዚያው ነው። ለዚህ ነው ገመዱን ቶሎ የሚለቅ መንጠቆ የሚገጠምላቸው። ትራክተር የሚባሉት ጀልባዎች ግን የሚገፋቸው ኃይል ከፊት በኩል፣ ገመዳቸው ከኋላ ስለሆነ መርከቡ ቢስባቸውም ዞረው ይከተሉታል እንጂ በቀላሉ አይገለበጡም።

ካላመናችሁ ሞክሩት። የሃይላንድ ጠርሙስ በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቃችሁ አንዱን ግማሽ ሳፋ ውሃ ላይ አንሳፉ። መጀመሪያ ክሩን የጎኑ መሃል ጠርዝ ላይ አስራችሁ ሳቡ፤ ቀጥሎ ጫፉ ላይ አስራችሁ ሳቡ። እኛ ስንሞክረው የመጀመሪያው ሁለቴ ውሃ ሞልቶት ሰጠመ፤ ሁለተኛው እንደ ጥጃ ተከተለን።