ለሙዚቃ ቡድኖች፦ በአንድ ጉዞ ሁለተኛና ሦስተኛ ሥራ እንዴት ይገኛል?

እዚህ ካኩማ በሠርግ፣ በክርስትናና በበዓል ቀን የሚጫወቱ አነስተኛ የሙዚቃ ቡድኖች እንዳሉ ታውቃላችሁ። እኛም ከእነዚሁ አንዱ ነን። ክራር፣ ማሲንቆና ከበሮ ከአንድ ድምፃዊና ከአንዲት ድምፃዊት ጋር፤ በጠቅላላው አምስት ሰዎች ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ከናይሮቢ የሠርግ ጥሪ ይመጣልናል። ጥሪው ሲመጣ ደስታው ብዙ ነው፤ ሒሳቡ ሲሠራ ግን ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ለአንድ ሥራ ስንጓዝ በዚያው መንገድ ተጨማሪ ሥራ እንዴት እንደምንፈልግ፣ የተሳሳትንበትንም ጭምር፣ በዚህ ዕትም እናካፍላችኋለን።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ከካኩማ እስከ ናይሮቢ በሎድዋርና በኪታሌ በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለምሳሌ ያህል የአንድ ሰው መሳፈሪያ ለመሄጃ 3,000 ሽልንግ ነው እንበል። አምስት ሰው ደርሶ መልስ 30,000 ይሆናል። ለአራት ቀን ምግብና ማደሪያ ለአንድ ሰው በቀን 700 ብንይዝ 14,000 ይጨመራል። ባለ ሠርጉ 45,000 ቢከፍለን የሚተርፈው 1,000 ሽልንግ ነው። ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችን 200! አንድ ሌሊት ሙሉ ተዘፍኖ፣ ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ ተንገላቶ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ በዚያው ከተማ በ20,000 ሽልንግ አንድ ተጨማሪ ምሽት ተገኘ እንበል። መጓጓዣው ቀድሞ ተከፍሏል፤ የሚጨመረው የአንድ ቀን ወጪ 3,500 ብቻ ነው። የሚተርፈው 17,500 ሲሆን ለእያንዳንዳችን 3,500 ይደርሳል። የመጀመሪያው ሥራ መንገዱን ይከፍላል፤ ቤተሰብ የሚረዳው ሁለተኛው ነው። እንግዲህ ሁለተኛውን እንደ ዕድል ሳይሆን እንደ ዋና ሥራ መፈለግ ያስፈልጋል።

ፍለጋው ከመነሣታችን በፊት ነው

ብዙ ቡድኖች «እዚያ ስንደርስ እንፈልጋለን» ይላሉ። እኛም እንል ነበር። አንድ ጊዜ ለሠርግ ናይሮቢ ሄደን ጨዋታው አማረልን። እሁድ ሌሊት አንድ እንግዳ መጥቶ ረቡዕ ማታ ኪታሌ ላይ እንድንጫወትለት ጠየቀንና ቀብድ 5,000 ሽልንግ ሰጠን። መንገዳችን ላይ ስለ ሆነ አላሰብንበትም። ሁላችንም ሙቭመንት ፓስ የምንለው የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ግን ናይሮቢን ብቻ ይጠቅስ ነበር፤ ቀኑም ማክሰኞ ያልቅ ነበር። ረቡዕ በኬላ ስንፈተሽ ተያዝን። ከነመሣሪያችን ፖሊስ ጣቢያ አደርን። የኪታሌው ዝግጅት ያለ ሙዚቃ ቀረ፤ ቀብዱን ደግሞ ናይሮቢ ለልጆች ጫማ ገዝተንበት ነበርና ተበድረን መለስን። ያ ሰው ከዚያ ወዲህ ደውሎልን አያውቅም፤ አንፈርድበትም።

ፈቃዱ የሚሰጠው ቦታና ቀን ተጠቅሶ ነው። ስለዚህ ተጨማሪው ሥራ ለፈቃድ ከማመልከታችን በፊት መታወቅ አለበት። ዛሬ ስናመለክት የምንሄድባቸውን ከተሞች ሁሉ በየቀናቸው እንጽፋለን፤ ከእያንዳንዱ ጠሪ ስሙ፣ ስልኩና የዝግጅቱ ቀን ያለበት የግብዣ ደብዳቤ እናያይዛለን። ለመንገድ ብልሽት አንድ ቀን እንጨምራለን። የተፈቀደልን ከጠየቅነው ካነሰ ወዲያውኑ ለተቀረው ደውለን ሥራውን እንሰርዛለን። ደስ አይልም፤ ሆኖም ቀድሞ የተነገረው ሰው ሌላ ቡድን ሊፈልግ ጊዜ አለው።

ማንን እንጠይቅ?

ከሁሉ አስቀድሞ የጠራንን ሰው ራሱን። የአበሻ ሠርግ በአንድ ቀን አያልቅም፤ መልስ አለ፣ ቅልቅል አለ። ሠርጉን ለመጫወት ስንዋዋል «የመልሱንስ ማን ይጫወታል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ቦታው ያው፣ እንግዳው ያው ነው፤ ዋጋው ከሠርጉ ቢያንስም ይከፍላል።

ቀጥሎ የሠርግ ሠራተኞች ናቸው። ቪዲዮ የሚቀርጸው፣ ድንኳንና ወንበር የሚያከራየው፣ አዳራሽ የሚያስጌጠው፣ ወጥ የምትሠራዋ እናት፣ እነዚህ ሁሉ በሚቀጥለው ሳምንት ማን እንደሚያገባ ከዘመድ በፊት ያውቃሉ። እኛ ካገኘናቸው ሥራዎች ብዙዎቹ የመጡት በቪዲዮ ቀራጮችና በወጥ ሠሪዎች በኩል ነው። ሥራ ላገናኘን ሰው ምን ያህል እንደምንሰጥ አስቀድመን እንነጋገራለን፤ በኋላ ሲጠየቅ ጠብ ይሆናል።

ሦስተኛው ምግብ ቤት ነው። በናይሮቢ በኢስሊ፣ በኸርሊንግሃምና በኪሊማኒ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች አሉ። ቅዳሜና እሁድ ቤቱ ራሱ ስለሚሞላ ባለቤቱ አዲስ ቡድን አይፈልግም። ስለዚህ ማክሰኞን ወይም ረቡዕን እንጠይቃለን። ስንደውልም እንዲህ እንላለን፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምንደውልልዎ ከካኩማ ነው፤ አምስት ሰው ያለን የክራርና የማሲንቆ ቡድን ነን። ለሠርግ ቅዳሜ ናይሮቢ እንገባለን። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል ቤትዎ ብንጫወትስ? ማይክሮፎን ይዘናል፤ የቤቱ ማጉያ ይበቃናል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ጉራግኛ እንጫወታለን። ከፈቀዱ አጭር ቅጂ በስልክ እንልክልዎታለን።»

የካምፑን ችግር በዚህ ንግግር ውስጥ አናነሣም። ስለ ችግራችን ካወራን እርዳታ ይሰጠን ይሆናል፤ ሥራ ግን አይሰጠንም። የምንልከው ቅጂም ሁለት ደቂቃ የማይሞላ፣ ያልተቀባባ፣ አምስታችንም የምንሰማበት ነው። በስቱዲዮ የተቀነባበረ ልኮ በክራርና በከበሮ መምጣት ሰውን ማሳዘን ነው። ባለ ምግብ ቤቱ ሰው እንዳይቀርበት ከፈራ፣ ምግብና ማደሪያችንን የሚችል ቁርጥ ክፍያ ጠይቀን ሽልማቱ የእኛ እንዲሆን እንስማማለን። «ለመታወቅ በነፃ ተጫወቱ» የሚለንን ግን አንድ ጊዜ ሰምተናል፤ ሁለተኛ አንሰማም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የጠራንን ሰው ሳናስፈቅድ በድግሱ ላይ ስልክ ቁጥር አናድልም። ከሠርጉ በፊት ባለው ቀንም በዚያው ሰፈር ሌላ ቦታ አንጫወትም። ከሩቅ ያስመጣን እርሱ ነው፤ እንግዶቹ ትናንት በሻይ ዋጋ የሰሙንን ዛሬ በድግሱ ቢያዩን ያፍራል።

ወቅቱን ማወቅ

ሠርግ ወቅት አለው። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ከገና በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ፣ በተለይም ጥር፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት ነው። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ሥራ የለም ብንል ይቀላል። ሙስሊም ወገኖቻችንም ብዙውን ጊዜ በረመዳን አይደግሱም፤ ከዒድ በኋላ ግን ጥሪ ይበዛል።

የድርጅቶች ቀን መቁጠሪያ ደግሞ ሌላ ነው። ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየዓመቱ ጁን 20 የዓለም የስደተኞች ቀን ይከበራል። ከኖቬምበር 25 እስከ ዲሴምበር 10 በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት የሚቃወመው የ16 ቀን ዘመቻ ነው፤ በመካከሉ ዲሴምበር 1 የኤድስ ቀን አለ። ልብ በሉ፤ ይህ ሰሞን ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ፣ ሠርግ ሲጠፋ የሚመጣ ነው። ለዚህ ግን የድርጅቱን መልእክት የያዘ ዘፈን ማዘጋጀትና ከሁለት ወር በፊት ማመልከት ያስፈልጋል፤ በጀት በሳምንት አይፈቀድም።

ገንዘብና ውል

ቡድን የሚያፈርሰው ከሥራ ማጣት ይልቅ ሽልማት ነው። ብሩ የሚለጠፈው በዘፋኙ ወይም በማሲንቆ መቺው ግንባር ላይ ነው፤ ከበሮ መቺው ግንባር ላይ ማንም አይለጥፍም። እኛ ከመነሣታችን በፊት የምንስማማው ሽልማት ሁሉ ወደ አንድ ከረጢት ገብቶ በእኩል እንዲካፈል ነው። ሌላ ቡድን በሌላ መንገድ ይስማማ ይሆናል፤ ካምፕ ሳለ ይስማማ እንጂ።

ሰዓትና ቀንም ያጣላሉ። ሰዓት በስዋሂሊ የሚቆጠረው እንደ እኛው ስለ ሆነ ከኬንያዊ ሾፌር ጋር ችግር የለም፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን የምሽት 2 ሰዓት 8 ይሆናል። «ጥር 10» እና «ጃንዋሪ 10»ም የተለያዩ ቀናት ናቸው። ስለዚህ ሁለቱንም እንጽፋለን። ወረቀቱ አጭር ይሁን፤ በስልክ መልእክት ቢላክም ይበቃል። የእኛ እንዲህ ይላል፦

«ቡድናችን (5 ሰዎች) በ… ቀን (እ.ኤ.አ. …) ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ በእንግሊዝኛ አቆጣጠር ከ8 እስከ 10፣ ለመጫወት ተስማምቷል። ዋጋው 20,000 ሽልንግ ነው። 10,000 ቀብድ በኤምፔሳ ተከፍሏል፤ ቀሪው ጨዋታው ሳይጀመር ይከፈላል። እራት የአዘጋጁ ነው። ሽልማት የቡድኑ ነው። የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ባይሰጥ ቡድኑ በ3 ቀን ውስጥ አስታውቆ ቀብዱን ይመልሳል።»

የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር የጨመርነው ከኪታሌው ነገር በኋላ ነው። ቀብዱም ፈቃዱ እጃችን እስኪገባ ድረስ ከገንዘብ ያዣችን ስልክ አይወጣም።