ክሎሪኑን እንተው ወይስ ውኃውን እናጥራ?



በክረምት ወራት ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ በሚወስደው መንገድ አጠገብ በምትገኝ አንዲት መንደር የአንዲትን እናት ቤት ጎበኘሁ። በጀሪካኑ ያለው ውኃ ደፍርሷል፤ ታናሽ ልጃቸውም በተቅማጥ ደክሞ ተኝቷል። «እናቴ፣ የውኃውን መድኃኒት አይጨምሩበትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ነቀርሳ ያመጣል ሲሉ ሰምቼ ተውኩት» አሉኝ። ልጁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ተረፈ። የእናቲቱ ፍርሃት ግን መልስ ያስፈልገዋል።

የሰሙት ነገር ፈጽሞ መሠረት የሌለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ሩክ የተባሉ የሆላንድ ኬሚስት የወንዝ ውኃ በክሎሪን ሲታከም ክሎሮፎርምና መሰሎቹ እንደሚፈጠሩ አስታወቁ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ቅጠልና ሣር በውኃ ውስጥ ሲበሰብስ እንደ ሻይ ቀለም ይለቃል፤ ክሎሪን ከዚያ ጋር ሲገናኝ እነዚህን ተረፈ ውሕዶች ይፈጥራል። ብዙ ተረፈ ውሕድ ያለበትን ውኃ ለረጅም ዓመታት መጠጣት ከፊኛ ነቀርሳ ጋር ሳይገናኝ እንደማይቀር አንዳንድ ጥናቶች ያመለክታሉ። የዓለም የጤና ድርጅትም በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ክሎሮፎርም ከ0.3 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

ሆኖም ሁለቱን አደጋዎች እናመዛዝን። የመጀመሪያው ጥቂት ነው፤ የሚታሰበውም በብዙ ዓመታት ነው። ኮሌራ ግን ሕክምና ያላገኘውን ሰው በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ይኸው ድርጅት ተረፈ ውሕዶቹን ለመቀነስ ሲባል ጀርም የመግደሉ ሥራ ከቶ እንዳይጓደል ያሳስባል።

እንግዲህ ጠላታችን ክሎሪኑ ሳይሆን እድፉ ነው። እድፉ ክሎሪኑን ይጨርሰዋል፤ ጀርሞችን ይሸሽጋል፤ ተረፈ ውሕዶቹንም ያበዛል። በቤታችን እንዲህ እናድርግ፦

1ኛ/ የደፈረሰውን ውኃ እስኪጠል ድረስ ማቆየት፤ ከዚያም ላይ ላዩን በንጹሕ ወፍራም ጨርቅ ማጥለል።

2ኛ/ መድኃኒቱን በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ብቻ መጨመር። ማብዛት አይጠቅምም።

3ኛ/ 30 ደቂቃ መጠበቅ፤ ከዚያም ከድኖ ማስቀመጥ። ለስለስ ያለ የክሎሪን ሽታ ቢኖር አያስፈራም።

ማገዶ ያለው ደግሞ ውኃውን ያፍላ፤ ጀርሞቹ ይሞታሉ፤ ክሎሮፎርም ቢኖርበትም አብዛኛው ይተናል።

ምንጭ ማጎልበትም የሚጠቅመው በዚሁ ምክንያት ነው። ዓይኑ በሲሚንቶ ተገንብቶ ሲከደን፣ ዙሪያው ሲታጠር፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሲቆፈርለት ቅጠሉና ጭቃው ከምንጩ አይደርስም። እናቲቱም ከሁለቱ ፍርሃቶች አንዱን እንዲመርጡ አይገደዱም።

ለመወያያ፦
ሀ/ የምንጠጣው ውኃ ከየት ይመጣል? በክረምት መልኩ ይለወጣልን?
ለ/ መድኃኒቱን ስለ ፈራ ጎረቤታችን ምን ብለን እናስረዳዋለን?