ቡና የቆረቆረው የወንዝ ወደብ

የዋድላ ደጋ ገብስና ባቄላ እንጂ ቡና አያበቅልም። ቢሆንም በዋድላዋ ከተማ በኮን ቡና የማይፈላበት ቤት ማግኘት ይቸግራል። ቡናው ከሩቅ ይመጣል፤ በምላሹ ገንዘብ ወደ ሩቅ ይሄዳል። እንዲህ ከአምራቹ ጓዳ ይልቅ ለሽያጭ የሚታሰብ ምርት ገበያ ተኮር ሰብል ይባላል። ይህን ቃል ያዙት፤ አንድ ሰብል ሰዎች የት እንደሚሰፍሩና እንዴት እንደሚኖሩ ሊወስን እንደሚችል የምናየው በእሱ ነው።

በዓለም ታሪክ የታወቀው ምሳሌ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1607 በሰሜን አሜሪካ የመሠረቱት ጄምስታውን ነው። ሰፋሪዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትንባሆ መዝራት ጀመሩ። ትንባሆ አፈሩን ቶሎ ስለሚያደክም አዲስ መሬት ይፈልጋል፤ ጉልበትም ይበላል። ስለዚህ ሰፈራው በአጠገቡ ባለው ወንዝ ዳርና ዳር ተዘርግቶ የነባሩን ሕዝብ መሬት ወሰደ፤ የባርነት ጉልበትም እያደር መሠረቱ ሆነ።

በአገራችን ደግሞ ቡና ሌላ ዓይነት ሰፈር አቆመ፤ ጋምቤላን።

ነገሩ የሚጀምረው ከውል ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የብሪታንያ መንግሥት የኢትዮጵያና የሱዳንን ድንበር የሚወስን ስምምነት ፈረሙ። አራተኛው አንቀጽ በባሮ ወንዝ ላይ፣ በኢታንግ አካባቢ፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ይፈቅዳል። ይህ የንግድ ጣቢያ ይባላል፤ ተከራዩ ያስተዳድረዋል፣ ለፖለቲካና ለጦር ዓላማ ግን ሊጠቀምበት አይችልም። ጣቢያው የተተከለው ከኢታንግ ወደ ላይ፣ ለደጋው በሚቀርበው በጋምቤላ ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝብ አኝዋኮች በውሉ ላይ ድምፅ አልነበራቸውም።

እንግሊዞች ያን ቦታ ለምን ፈለጉት? ከበላዩ የጎሬና የሰዮ ቡና አብቃይ ደጋ ስላለ ነው። የሐረር ቡና በዚያን ጊዜ ድሬዳዋ በደረሰው ባቡር ወደ ጅቡቲ ይወርድ ጀመር። የምዕራቡ ቡና ግን አዲስ አበባ ለመድረስ ረጅም የበቅሎ ጉዞ ይጠብቀው ነበር። ባሮ ደግሞ ወደ ሶባት፣ ሶባት ወደ ነጭ ዓባይ ይፈስሳል፤ የእንፋሎት መርከብ በዚህ መስመር ካርቱም ይደርሳል።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። ቡና የሚለቀመው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ሲራራ ነጋዴው የሚጓዘውም በበጋ ነው፤ በክረምት ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ጭቃ ይሆናል። መርከብ ግን ጋምቤላ መድረስ የሚችለው ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነው። ስለዚህ በበጋ የወረደው ቡና እስከ ክረምት ድረስ መቆየት ነበረበት።

የሰፈሩ መልክ ከዚህ ልዩነት ተወለደ። የሚጠብቅ ቡና መጋዘን ይፈልጋል፤ መጋዘን ጠባቂ፣ ጠባቂ ደሞዝ ይፈልጋል። ገንዘቡን ለወራት አስሮ መታገሥ የሚችል ነጋዴም ያስፈልጋል፤ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች የገቡት በዚህ በር ነው። መርከቡ ሲመጣ ጨውና ጨርቅ ያራግፋል፣ ሲመለስ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይጭናል፤ መካከል ላይ ቀራጩ ጉምሩክ ይቆማል። ጄምስታውን ሰብሉን ራሱ ስላመረተ መሬት ጎረሰ። ጋምቤላ ግን የሌላ አካባቢ ምርት መቆያ ስለሆነች 400 ሄክታር በቃት።

ድክመቷም ያው ነበር። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ኋላም የመኪና መንገድ ወደ ምዕራብ ሲዘረጋ ቡናው ፊቱን ወደ መሐል አገር አዞረ። የጣቢያው ኪራይ የጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነበር። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ስትወጣ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

እንግዲህ ስለ ማንኛውም የቅኝ ገዥዎች ሰፈር ስታነብቡ ከገዥዎቹ ስም በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ሰብሉ የት ይበቅላል? መቼ ይደርሳል? በየት መንገድ ይወጣል? ለእነዚህ መልስ ካገኛችሁ፣ ሰፈሩ ለምን እንደቆመና ለምን እንደተዳከመ አብዛኛውን ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።