የማኅበር ገንዘብ አያያዝ

በእንጦጦ ግርጌ በጉለሌ ላም የምታረቡና ጎመን የምታለሙ ሆይ! የኅብረት ሥራ ማኅበር ስታቋቁሙ ከዕድራችሁ ተማሩ። በዕድር ዳኛው ያዛል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል፤ ገንዘብ ያዡ ይቀበላል። ሦስቱም ሥራ በአንድ እጅ ከገባ ግን፣ ሰውዬው ቅን ቢሆንም እንኳ፣ የጎደለውን የሚያውቅ አይኖርም፤ አባላትም መዋጮ ያቆማሉ።

ስለዚህ ሰብሳቢው ሳይፈርም ገንዘብ አይውጣ። መዝገቡ በየወሩ በጉባኤ ፊት ይነበብ፤ ሹመት የሌላቸው ሁለት አባላትም ከባንክ ደብተሩ ጋር ያመሳክሩት።

40 አባላት በየወሩ 50 ብር ቢያዋጡ በዓመት 24,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ጭድ በሚረክስበት በጥር መኖ ለመግዣ ስንት፣ ለክፉ ቀን ስንት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ በመስከረም ይወሰን። ሲወሰንም ብዙ ላም ያለው አይበልጥም፤ በ2009 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985 ለእያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል።