ልጃቸው በገዛ እጁ ስለ ሞተባቸው ቤተ ሰቦች የተሰጠ ትምህርት

በአላህ ስም፥ እጅግ በጣም ሩኅሩኅ፥ በጣም አዛኝ በሆነው።

ምስጋና ሕይወትን ለሰጠና ሞትን ለወሰነ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም ለአዛኙ ነቢይ ለሙሐመድ፥ ለቤተ ሰቦቻቸውና ለባልደረቦቻቸው ይሁን። ከዚህ በኋላ፤

የአላህ ባሮች ሆይ! ሐዘን ሁሉ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ሰዎች ቀርበው ለማጽናናት የሚፈሩት አንድ ሐዘን አለ። ይኸውም በአፍላ ዕድሜው ሕይወቱን በገዛ እጁ ያጠፋ ልጅ ወላጆች ሐዘን ነው። ልጁ በበሽታ የሞተበት አባት የጎረቤቶቹን ማጽናኛ ፊት ለፊት ይቀበላል። የዚህ ልጅ አባት ግን አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፤ ሊያጽናኑት የመጡትም የሚናገሩት ጠፍቷቸው ይንሾካሾካሉ። እናቲቱም፥ «ለልጄ ምሕረት ልለምንለት ይፈቀድልኛልን?» የሚለውን ጥያቄ ለማንም ሳትገልጥ በልቧ ይዛ ትቀራለች። የዛሬው ትምህርታችን ለዚህች እናት መልስ ለመስጠት ነው።

አንደኛ፤ ስለ ድርጊቱ። ነፍስ የአላህ አደራ ናትና ባለቤቷ ነኝ ብሎ ሊያጠፋት የሚችል ሰው የለም። በሱረቱ ኒሳእ (ምዕራፍ 4) በ29ኛው አንቀጽ ራስን መግደል ተከልክሏል። ልብ በሉ! ክልከላውን የያዘው ያው አንቀጽ የሚፈጸመው አላህ ለባሮቹ አዛኝ መሆኑን በመናገር ነው። እንግዲህ ክልከላው ራሱ የወጣው ከእዝነት ነው፤ የተከለከልነውም ስለምንወደድ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ሟቹ። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እንደሚነገረው፥ የደውስ ጎሣ ሰው የሆነው ጡፈይል የዐምር ልጅ ከወገኖቹ አንዱን አስከትሎ ወደ መዲና ተሰደደ። የመዲና አየር ለዚያ ሰው አልተስማማውም፤ ታመመ፥ ሕመሙም ቢጸናበት ትዕግሥቱ አልቆ በገዛ እጁ ራሱን ጐድቶ ሞተ። ከዚያም ጡፈይል በሕልሙ አየው፤ መልኩ ያማረ ነበር፥ እጆቹ ግን ተሸፍነው ነበር። ጌታህ ምን አደረገህ ብሎ ቢጠይቀው፥ ወደ ነቢዩ በመሰደዱ እንደ ማረው ነገረው። ስለ እጆቹ ሲጠይቀው ግን፥ ራሱ ያበላሸው እንደማይጠገንለት እንደ ተነገረው መለሰለት። ጡፈይል ይህን ለነቢዩ (የአላህ ሰላትና ሰላም በርሳቸው ላይ ይሁን) በነገራቸው ጊዜ፥ እርሳቸው ሟቹን አልረገሙም፤ አላህ እጆቹንም ይምርለት ዘንድ ለመኑለት።

በዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ተገልጧል። የተሸፈኑት እጆች ድርጊቱ ቀላል እንዳልነበረ ያስተምራሉ፤ የነቢዩ ልመና ደግሞ የምሕረት በር እንዳልተዘጋ ያስተምራል። በ676 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማም ነወዊም፥ ይህ ሐዲስ ራሱን የገደለ ሙስሊም በዚህ ምክንያት ከእስልምና እንደማይወጣ ማስረጃ ነው ሲሉ አብራርተዋል። ነቢዩ በዚህ ዓይነት በሞተ በአንድ ሰው ላይ ራሳቸው አልሰገዱም፤ አብዛኞቹ ሊቃውንት ግን ይህ የቀሩትን ለማስጠንቀቅ እንጂ ሟቹን ከሙስሊሞች ለመለየት አይደለም ይላሉ። ስለዚህ ይታጠባል፥ ይከፈናል፥ ይሰገድበታል፥ በሙስሊሞችም መቃብር ይቀበራል።

ሦስተኛ፤ ስለ ሕመሙ። ሰው የሚታመመው በሥጋው ብቻ አይደለም። በ322 ዓመተ ሂጅራ የሞተው ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ምክንያቱ የታወቀውን ሐዘን ምክንያቱ ካልታወቀው ለይቶ፥ ሁለተኛው ከሥጋ ሁኔታ የሚመጣና ሕክምና የሚያስፈልገው መሆኑን ጽፏል። አእምሮው በሕመም በተወሰደ ሰው ላይ የኃጢአት ብዕር እንደማይጽፍ የሸሪዓ ሊቃውንት የተስማሙበት ነው። በዚያች ሰዓት የልጁ አእምሮ ምን ያህል ተይዞ እንደ ነበረ የሚያውቅ ከአላህ በቀር ማን አለ? የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. 727,000 ያህል ሰዎች በዚህ ሞት ሞተዋል፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት መካከልም ከሞት ምክንያቶች ሦስተኛው ነበር። እንግዲህ ይህ የአንድ ቤት ውርደት ሳይሆን በሕዝቦች ሁሉ ላይ የወረደ መከራ ነው።

አራተኛ፤ ስለ ወላጆች። ዕንባ ኃጢአት አይደለም። ነቢዩ ሕፃኑ ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ጊዜ አልቅሰዋል፤ ነቢዩ ያዕቆብም በዩሱፍ ሐዘን ዓይኖቹ እስኪነጡ ድረስ አዝኖ ነበር፥ ይህም ከታጋሾች አላስወጣውም። የተከለከለው ፊትን መቧጨር፥ ልብስን መቅደድና በአላህ ፍርድ ላይ ማጉረምረም ነው። ደግሞም «እንዲህ ባደርግ ኖሮ፥ ያን ቀን ከቤት ባልወጣ ኖሮ» የሚለው ሐሳብ ሌሊቱን ሙሉ ወላጆችን ያሠቃያል። ይህ ቃል ለሰይጣን በር ይከፍታልና ነቢዩ ከርሱ አስጠንቅቀዋል። አባት ሆይ! ከልብህ የሚጠየቀው የምታውቀው ነው፤ ያልታየህን አልተጠየቅህም።

አምስተኛ፤ ስለ ጎረቤቶች። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ጃዕፈር የአቡ ጣሊብ ልጅ በሙእታ በተገደለ ጊዜ፥ ነቢዩ ለቤተ ሰቡ ምግብ እንዲዘጋጅ አዘዋል፤ ሐዘኑ ከሥራቸው አስተጓጉሏቸው ነበርና። እናታችን ዓኢሻም ከቤተ ሰባቸው ሰው ሲሞት ተልቢና የሚባለውን የገብስ አጥሚት ያሠሩ ነበር፤ የሐዘንተኛን ልብ እንደሚያሳርፍ ከነቢዩ ሰምተዋልና። ስለ አሟሟቱ ሳይጠየቅ አጥሚቱ ለዚህም ቤት ይሂድ። እንዴት ሞተ፥ ምን አጎደላችሁበት እያላችሁ አትመርምሩ፤ የእሳት ነው ብላችሁም አትፍረዱ፤ ፍርዱ የእናንተ አይደለምና። ይልቁንም የልጁን ስም ጥሩ፥ መልካሙን አስታውሱ፤ ሦስቱ ቀን ካለፈ በኋላም ተመለሱ፥ ቤቱ ጭር የሚለው ያን ጊዜ ነውና።

የቀሩትን ወንድሞችና እኅቶች ጠብቁ። ከመካከላቸው ዝም ያለውን፥ እንቅልፍ ያጣውን፥ መኖር ሰለቸኝ ያለውን ቀርባችሁ፥ «መሞት ያሰኝሃልን?» ብላችሁ በግልጥ ጠይቁት። ጥያቄው ሐሳቡን አያሳድርበትም፤ ሸክሙን ያቀልለታል። ብቻውን አትተዉት፥ ወደ ሐኪምም ውሰዱት፤ አላህ በሽታን ከነመድኃኒቱ አውርዷልና። አንተም የተጨነቅህ ወጣት ሆይ! የምሕረቱን ነገር ሰምተህ ፈቃድ አታድርገው፤ ጭንቀትህን ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገር።

እናት ሆይ! መልስሽ ይህ ነው፤ ለልጅሽ ለምኚለት። ሰዕድ የዑባዳ ልጅ እርሱ በሌለበት ለሞተች እናቱ የአትክልት ቦታውን ሰደቃ እንደ ሰጠላት፥ አንቺም በልጅሽ ስም ስጪ። ነቢዩ ለዚያ ስደተኛ እጆች ከለመኑ፥ የእናት እጅ ለልጇ ከመዘርጋት የሚከለክላት የለም።

አላህ ሆይ! በጨለማ ሰዓት የተለዩንን ልጆቻችንን ማርልን፤ ያበላሹትንም ጠግንላቸው። የወላጆቻቸውን ልብ አጽና፤ የቀሩትን ጠብቅ፤ አንደበታችንንም ሐዘንተኛን ከማቁሰል አድን። አሚን።