የፈረስ የልብ ምት ስንት ነው? ከአንድ ዳማ ፈረስ የተማርነው

በዚህ እትም የምጽፍላችሁ ስለ ፈረስ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችሁ «ፈረስ ጠራሁ» ቢሏችሁ የሚያወሩት ስለ ታክሲ ነው፤ የእኔው ግን ድርቆሽ የሚበላው ነው። የነርሲንግ ተማሪ ስለ ፈረስ ምን አገባት የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

የአባቴ ወዳጅ የሆኑ፣ እዚህ ላስ ቬጋስ ታክሲ እየነዱ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንድ ጋሼ አሉ። የአዊ ሰው ናቸው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ሲሰበሰቡ ቪዲዮውን ለሁላችንም የሚልኩልን እሳቸው ናቸው። ጡረታ እንደወጡ አንድ ዳማ ፈረስ ገዙና በከተማው ሰሜን ምዕራብ በኩል ጋጣ ተከራዩለት። በልጅነታቸው የአባታቸውን ፈረስ አጥጥተዋል፣ ጋልበዋል፤ የራሳቸው ፈረስ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ስም እስካሁን አላወጡለትም። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ስለሆነ፣ «ስሙ ተመልሶ የእኔ ስለሚሆን አልቸኩልም» ይላሉ።

ችግሩ የተነሣው ጋሼ ፈረስ ስለማያውቁ አይደለም። የሚያውቁት የእንጅባራን ፈረስ ነው። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ፣ ብርዳምና ለምለም አገር ነው፤ ፈረሱ ቀኑን ሙሉ ሣር ሲግጥ ይውላል። ላስ ቬጋስ በረሃ ነው። ሣር የለም፣ መሬቱ አሸዋ ነው፣ ሐምሌ ላይ ጥላ ውስጥ እንኳ ያቃጥላል።

አንድ ቅዳሜ የልብ ምትና የትንፋሽ አቆጣጠር ልምምድ ስለነበረብኝ «ፈረስዎን ልቁጠረው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁና ፈቀዱልኝ። የፈረስ የልብ ምት ከመንጋጋው አጥንት ሥር በሚያልፈው የደም ሥር ላይ ሁለት ጣት አድርጎ ይቆጠራል። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል፤ የእኛ የአዋቂዎች ከ60 እስከ 100 ነው። ትንፋሹ ከ8 እስከ 16፣ ሙቀቱ ከ37.2 እስከ 38.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ድዱን በጣት ተጭነን ስንለቀው ነጭ የሆነው ቦታ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ሮዝ መሆን አለበት፤ ይህ በሰው ጥፍር ላይ ከምንሠራው ጋር አንድ ነው። የጋሼ ፈረስ የልብ ምት 36 ሆነ። ቁጥሩን በጠመኔ የጋጣው በር ላይ ጻፍነው።

ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ ፈረሱ መሬቱን ይቧጭራል፣ ዞሮ ዞሮ ጎኑን ያያል፣ ድርቆሹን አልነካም። ዘይት በጠርሙስ ልጋተው?»

«ጋሼ፣ እባክዎ ምንም እንዳይሰጡት። መጀመሪያ የልብ ምቱን ይቁጠሩልኝ» አልኳቸው። ቆጥረው 64 አሉኝ። ለእንስሳት ሐኪሟ ሲደውሉ «ታሟል» ብቻ አላሉም፤ «36 የነበረው 64 ገብቷል» አሏት። ሐኪሟም ወዲያው መንገድ ጀመረች።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ላስረዳ። አንደኛ፣ ፈረስ አያስታውክም። የጉሮሮውና የጨጓራው መገናኛ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚከፈት በር ነው፤ ጨጓራው ከመጠን በላይ ከተወጠረ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም በአፍንጫው በኩል ቱቦ አስገብቶ ያስተነፍሰዋል። ሁለተኛ፣ አገር ቤት ከብት በጠርሙስ ይጋታል፤ በግድ የሚጋት ፈረስ ግን ዘይቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በሆስፒታል ልምምድ ላይ መዋጥ ለሚያቅተው በሽተኛ ውኃ አትስጡ የሚሉን በዚሁ ምክንያት ነው።

እኔም ደረስኩ። ሐኪሟ የሕመም ማስታገሻ ወጋችው፣ ቱቦውን አስገባች፣ ከዚያ ማዳመጫዋን ሰጥታኝ «ከሆዱ ሥር አድርጊና ስሚ» አለችኝ። የባሕር ሞገድ ዳርቻ ላይ ሲንሸራተት የሚሰማው ዓይነት ሽሽታ ነበር። አሸዋ ነው። ድርቆሹ መሬት ላይ ሲበተንለት ፈረሱ ቅጠሉን ሲለቅም አሸዋውንም አብሮ ይውጣል፤ አሸዋው ትልቁ አንጀት ውስጥ ይከማቻል። እንጅባራ ላይ መሬት ላይ ማብላት ምንም ነውር የለበትም፤ እዚህ ግን ሊገድል ይችላል።

በቱቦው ሲሊየም የሚባል የተፈጨ የዘር ቅርፊት ከማግኒዥየም ሰልፌት ጋር በውኃ ተሰጠው። ሲሊየም ሲርስ የሚያሙለጨልጭ ነገር ይሆናል። ጋሼ ባልዲውን አይተው «ይሄማ ተልባ ነው!» አሉ። ተልባ ባይሆንም አባባላቸው ትክክል ነው፤ እናቶቻችን ሆዱ ለደረቀ ሰው ተልባ የሚሰጡትም ለዚሁ ጠባዩ ነው። ሐኪሟ በየሰዓቱ እየቆጠርን እንድንነግራት አዘዘችን። 60 ሆነ፣ ተመልሶ 64፣ ከዚያ 52። ካልወረደ ቀዶ ሕክምና ነበር የቀረው፣ ገንዘቡም አልነበረም፤ ጋሼ አንድም ቃል አይናገሩም። ሊነጋጋ ሲል ፈረሱ ጣለ። ፋንድያ የሚለውን ቃል ያወቅኩት የዚያን ዕለት ነው፤ በፋንድያ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጠዋት ላይ 40 ቆጠርን።

አሁን ድርቆሹ የሚቀርበው በገንዳ ነው፣ ከገንዳው ሥርም ላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፏል። በየሳምንቱ መሬት ያልነካ ጥቂት ፋንድያ የእጅ ጓንት ውስጥ ከውኃ ጋር በጥብጠን እንሰቅላለን፤ አሸዋ ካለ ጣቶቹ ውስጥ ይዘቅጣል። ባይታይም ግን ሆዱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ አሸዋው ሳይወጣ ይቀመጣል።

ውኃው ሌላ ታሪክ ነው። ያረፈ ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል፣ በሙቀት ደግሞ ከዚያ በላይ። ሐምሌ 7 ቀን 2024 (በፈረንጆቹ) ላስ ቬጋስ 48.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ገብቶ የከተማዋ ክብረ ወሰን ተሰብሯል። ፀሐይ ላይ የዋለ በርሜል ውኃው ይፈላል፣ ፈረሱም መጠጣቱን ይቀንሳል፤ ውኃ ሲያንስ አንጀቱ ይደርቃል። ጥላና አሞሌ ጨው አይለዩት።

ገብሱን ግን ማስቆም ከባድ ነበር። ጋሼ «ከሕመም የተነሣ ገብስ ካልበላ በምን ይጠግናል?» ብለው በአንድ ጊዜ ብዙ ሰጡት። በሁለተኛው ቀን ፈረሱ የፊት እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ፣ ክብደቱን ወደኋላ ጥሎ ቆመ። ላሚናይተስ ይባላል። ያልተፈጨው ስታርች ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያው ያብላላዋል፣ ከዚያ የሚነሣው መርዝ ሰኮናውን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘውን ሥጋ ይጎዳል። ለእኔ የገረመኝ ምርመራው ነው። የስኳር በሽተኛን እግር ስንዳስስ የምንፈራው የደም ሥሩ ምት ሲጠፋ ነው፤ በፈረስ ግን ከሰኮናው በላይ ምቱ ሲጎላና ሲደልቅ ነው የሚያሳስበው። በጊዜ ስለተደረሰበት በረዶ፣ መድኃኒትና ረጅም ዕረፍት በቃው።

ከእናንተ መካከል አንዱ ይህን አንብቦም ቢሆን ፈረስ ካማረው፣ ኔቫዳ ከየትኛውም ግዛት ይልቅ ብዙ የዱር ፈረስ ያለባት ግዛት ናት። ፈረሶቹ የተጠበቁት በ1971 በወጣው ሕግ ነው፤ ለሕጉ ዋናዋ ታጋይም የዚሁ የኔቫዳ ሴት ቬልማ ጆንስተን ነበረች። የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ 18 ዓመት ለሞላው ሰው በማደጎ ይሰጣል። ያልተገራ ትልቅ ፈረስ ለመውሰድ ቢያንስ 400 ስኩዌር ጫማ በረትና ስድስት ጫማ ከፍታ ያለው አጥር ያስፈልጋል። ጥሩ አያያዝ መኖሩ ተረጋግጦ የባለቤትነት ወረቀቱ የሚሰጠው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ፈረሱ የመንግሥት ነው።