ቦዲው ይቆይ፣ ሌንሱ ይቅደም፦ ለወሎ ቦረና ደጋ ሚረርለስ ካሜራ ሲመርጡ

መካነ ሰላም ላይ በፎቶ ሥራ የሚተዳደር ሰው በአንድ ወር ውስጥ ብዙ ዓይነት ብርሃን ይገጥመዋል። ዛሬ የሰርግ ድንኳን ውስጥ ነው፤ ነገ በጧፍ ብቻ በሚታይ ቅኔ ማኅሌት፤ በሌላ ሳምንት በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በምርቃት ቀን ፀሐይ ሥር። ሲመቸው ደግሞ ወደ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ወጥቶ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይፈልጋል። ካሜራ ሊገዛ ሲነሳ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ የሜጋፒክስሉን ብዛት ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ካሉት ሚረርለሶች አብዛኞቹ 24 ሜጋፒክስልና ከዚያ በላይ ስለሆኑ ይህ ቁጥር ለሰርግ አልበምም ለግድግዳ ፎቶም ይበቃል። ልዩነቱን የሚያመጣው ሌንሱ ነው። ቦዲ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አዲስ ይወጣለታል፤ በጥንቃቄ የተያዘ ሌንስ ግን ሁለት ሦስት ቦዲ ያሳልፋል። ስለዚህ ከሌንሱ ተነስተን ወደ ቦዲው እንሂድ።

ደረጃ 1፦ የሚያነሱትን ይጻፉ

ደብተር ያውጡና ባለፈው ዓመት ገንዘብ ያስገኘልዎትን ሥራ ይዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ ጎን ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ምን ያህል ይርቃል? ምን ያህል ይጨልማል? ይንቀሳቀሳል ወይስ ይቆማል? ዝርዝሩ ውስጥ አሥር ሰርግና አንድ የፓርክ ጉዞ ካለ፣ ካሜራው የሰርግ ካሜራ ነው። ቀበሮው ልብ ቢማርክም ኪስ የሚሞላው ሰርጉ ነው።

ደረጃ 2፦ ርቀቱን በሒሳብ ይለኩ

ቀይ ቀበሮ ከጅራቱ በስተቀር አንድ ሜትር ገደማ ይረዝማል። 50 ሜትር ርቆ በጓሳው መካከል አይጥ ሲያድን አዩት እንበል። ከካኖን አነስተኛ ሰንሰር (ኤፒኤስ-ሲ) ጋር የሚሸጠው 18-45 ሚሊ ሜትር ሌንስ እስከ መጨረሻው ተስቦ እንኳ በዚያ ርቀት 25 ሜትር ያህል ስፋት ያሳያል፤ ቀበሮው ነጥብ ይሆናል። 200 ሚሊ ሜትር ከአምስት ሜትር ተኩል ትንሽ ከፍ ያለ ስፋት ያሳያል። 400 ሚሊ ሜትር ግን ሦስት ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ ቀበሮው የፎቶውን አንድ ሦስተኛ ይይዛል። ጠጋ ብሎ ማንሳት አማራጭ አይደለም። በዓለም ላይ በጣም ጥቂት የቀረ እንስሳ ነውና ከአደኑ ማስደንገጥ ነውር ነው።

ስለዚህ ለፓርክ የሚያስፈልገው 350 ወይም 400 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ ነው። የካኖን አርኤፍ 100-400 ክብደቱ 635 ግራም ነው፤ የሶኒ 70-350 ደግሞ 625 ግራም። ሁለቱም በትከሻ ተይዘው ዳገት ይወጣሉ። ድክመታቸው ብርሃን ላይ ነው፤ የካኖኑ 400 ላይ ሲደርስ አፐርቸሩ ኤፍ 8 ነው፤ ጉም በወረደበት ጠዋት አይኤስኦውን ከፍ ማድረግ ግድ ይላል።

ለዓባይ ሸለቆ ግን ሰፊ ሌንስ ለብቻው አይግዙ። ከካሜራው ጋር የመጣው 18 ሚሊ ሜትር ይበቃል። በረሃው በረጅም ሌንስ እኩለ ቀን ላይ ሲነሳ ፎቶው እንደ ውሃ ቢዋልል ሌንሱ ተበላሽቶ አይደለም፤ ከመሬት የሚነሳው የጋለ አየር ነው። ማለዳ ተመልሰው ያንሱት።

ደረጃ 3፦ ጨለማውን ይለኩ

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማስገዛው ሌንስ እዚህ ጋ ነው። 18-45 ሌንስ 45 ላይ ሲሆን አፐርቸሩ ኤፍ 6.3 ነው። ርካሹ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ከእሱ 12 እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። በጧፍ ብርሃን የመጀመሪያው 1/10 ሰከንድ ጠይቆ የዘማሪውን እጅ ሲያደበዝዝ፣ ሁለተኛው በ1/125 ጥርት አድርጎ ያነሳዋል። ይህን ያህል ልዩነት ውድ ቦዲ በመግዛት አይገኝም።

ችግሩ፣ 50 ሚሊ ሜትር በአነስተኛ ሰንሰር ላይ ጠባብ ነው፤ ለፊት ፎቶ ያምራል፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ሙሽሮችንና ሚዜዎችን አንድ ላይ ለመያዝ ግን ግድግዳ ያስደግፋል። ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ከሆነ ለሶኒ የሲግማ 30 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4ን፣ ለካኖን አርኤፍ 35 ኤፍ 1.8ን ያስቀድሙ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ አማራ ሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያምም ትሁን የሰፈር ደብር፣ አስተዳዳሪውን ሳያስፈቅዱ ካሜራ አይክፈቱ፤ ፍላሽም ጨርሶ ይተዉ።

ደረጃ 4፦ ማውንቱን ይምረጡ

ሌንስና ቦዲ የሚገጣጠሙበት ቀለበት ከማን ጋር ለዓመታት እንደሚኖሩ ይወስናል። የድሮ ካኖን ዲኤስኤልአር ሌንሶች (ኢኤፍ) ካሉዎት በካኖን አዳፕተር አዲሱ አርኤፍ ቦዲ ላይ ፎከሳቸው ሳይጓደል ይሠራሉ። የኒኮን አዳፕተር (ኤፍቲዜድ) ግን በውስጡ ሞተር የሌላቸውን አሮጌ ሌንሶች ፎከስ አያንቀሳቅስም። ከዜሮ የሚጀምር ሰው ሶኒን ቢመለከት ጥሩ ነው፤ እንደ ሲግማና ታምሮን ያሉ ድርጅቶች ለሶኒ የሠሯቸው ሌንሶች ብዙ ስለሆኑ ያገለገለ ማግኘት ይቀላል።

እኔ ከዚህ ሁሉ የማስበልጠው አንድ ጥያቄ አለ፦ ደሴና መካነ ሰላም ያሉ የሙያ ጓደኞችዎ የያዙት ምንድን ነው? የሰርጉ ዋዜማ ሌንስ ሲወድቅ የሚያድነው ከጎረቤት የሚዋሱት ነውና እነሱ በያዙት ማውንት ይግቡ።

ደረጃ 5፦ ቦዲዎችን ያወዳድሩ

አሁን ወደ ደብተሩ ይመለሱና የሚከተሉትን ብቻ ያወዳድሩ።

የካርድ ቦታ። ሰርግ አይደገምም። ካኖን አር50፣ አር10፣ አር8 እና ሶኒ ኤ6400 አንድ ካርድ ብቻ ይይዛሉ፤ ካኖን አር7 እና ሶኒ አልፋ 7 ማርክ 3 ሁለት ይይዛሉ። ኑሮው በሰርግ የሆነ ሰው ያገለገለ አልፋ 7 ማርክ 3 ቢገዛ፣ አዲስ ግን ባለ አንድ ካርድ ከሆነ ቦዲ ይልቅ እንቅልፍ ይተኛል።

የሰንሰር ማረጋጊያ። አር7 እና አልፋ 7 ማርክ 3 አላቸው፤ አር50፣ አር10፣ አር8 እና ኤ6400 የላቸውም። ማረጋጊያው የእጅ መንቀጥቀጥን እንጂ የሚጨፍርን ሰው አያቆምም።

ድምፅ አልባ ሻተር። ከሚረርለስ ጸጋዎች አንዱ ነው፤ በቅዳሴ ጊዜ ማንንም አይረብሽም። በሻማና በጧፍ ብርሃን በደንብ ይሠራል። በድንኳን ኤልኢዲ አምፖል ሥር ግን ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ሊያሰምር ይችላል። እዚያ ያጥፉትና፣ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ሻተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ያድርጉ።

ባትሪ። አልፋ 7 ማርክ 3 በአምራቹ መለኪያ በማያው 610 ፎቶ ያነሳል፤ ኤ6400 360። በደጋው ብርድ ደግሞ ከዚህ ያንሳል፤ ተጨማሪውን ባትሪ ካፖርት ውስጥ፣ ከሰውነት ጋር ይያዙ። መብራት በሚጠፋበት አገር ከፓወር ባንክ መሞላቱ ትልቅ ነገር ነው፤ የካኖኖቹ ግን ፒዲ የሚባለውን አሞላል የሚችል ፓወር ባንክ ይፈልጋሉ፤ ተራው የስልክ ፓወር ባንክ ላይሞላቸው ይችላል።

ደረጃ 6፦ ገንዘቡን ይከፋፍሉ

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር ስለማያገለግል የብር ቁጥር አልጽፍም። አከፋፈሉን ግን እንዲህ ብዬ እመክራለሁ፦ ከያዙት ገንዘብ ከግማሽ በላዩ ለሌንስ ይሁን፤ ሁለት ባትሪና ሁለት ካርድ ከቀሪው ላይ አስቀድመው ይቀነሱ፤ የተረፈው ለቦዲ ነው። ሁሉንም በአንዴ መግዛት ካልቻሉ ቅደም ተከተሉ ቦዲው ከነ18-45ቱ፣ ከዚያ ብርሃን የሚያስገባው ሌንስ፣ በመጨረሻ የፓርኩ ረጅም ሌንስ ነው።

ደረጃ 7፦ ሱቁ ውስጥ ይፈትሹ

ያገለገለ ከሆነ የራስዎን ካርድ ይዘው ይሂዱ። አፐርቸሩን ኤፍ 16 አድርገው ሰማዩን ያንሱ፤ ሰንሰሩ ላይ ያለው ቆሻሻ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሚረርለስ ካሜራ መስታወት ስለሌለው፣ ሌንስ ሲቀየር ሰንሰሩ ይጋለጣል፤ በበጋ አቧራ የሠራ ቦዲ ላይ ጥቂት ነጥብ ቢኖር አያስደንቅም፤ ጭረት ከሆነ ግን ይተዉት። በሌንሱ ውስጥ የስልክ ባትሪ አብርተው እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ይፈልጉ። ከጃፓን ገበያ የመጡ የሶኒ ቦዲዎች ብዙ ጊዜ ሜኑአቸው ጃፓንኛ ብቻ ነው፤ ከመክፈልዎ በፊት ቋንቋው መቀየር አለመቀየሩን ይሞክሩ። ሁለቱንም የካርድ ቦታዎች፣ ፍላሽ የሚሰካበትን፣ ቻርጀሩን አንድ በአንድ ይሞክሩ። ሻጩ ይህን ሁሉ ለማስፈተሽ ካልፈቀደ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፉ።